«መድኃኒት መሸጥ ሳይሆን መሥራት ነው የምፈልገው፤ ፋርማሲ ልግባ ወይስ ኬሚስትሪ?»

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግኩ፣ ዘንድሮ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የገባሁ ፍሬሽማን ነኝ። ከሁለት ወር በኋላ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። የእኔ ሐሳብ መድኃኒት መሸጥ ሳይሆን መድኃኒት መሥራት ነው። ሜዲሲናል ኬሚስትሪ የሚባል ትምህርት እንዳለ አነበብኩ፤ በግቢያችን ዝርዝር ላይ ግን የለም። እናቴ ‹ፋርማሲ ግቢ፣ ነገ መድኃኒት ቤት እንከፍታለን› ትላለች። አጎቴ ደግሞ ‹ኬሚስትሪ የተማረ ሰው መጨረሻው አስተማሪነት ነው› ይላል። በጀነራል ኬሚስትሪ ቢ ፕላስ አምጥቻለሁ፤ ሲኒየሮች ስለ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚያወሩት ግን እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ሽምደዳ አልወድም። ለእረፍት ቤት ስሄድ ደግሞ እንዶድ በአልኮል ዘፍዝፌ ውስጡ ያለውን ነገር ላወጣ አስቤአለሁ። ይቻላል? ምንስ ልምረጥ?» — ሰ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህታችን ሰ.፣ አብሽሪ። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ስላጣሽው መንገዱ ተዘጋ ማለት አይደለም። ሜዲሲናል ኬሚስትሪ በአገራችን በአብዛኛው የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፤ በፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ ውስጥ እንደ ኮርስ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሁለተኛ ዲግሪ። ውጭ አገር በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በዚሁ ስም የሚያስመርቁ አሉ፤ የአሜሪካው ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። የእነዚህን ፕሮግራሞች የኮርስ ዝርዝር ብታዪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ብዙም አይለዩም፤ ጀነራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ፣ ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ። ልዩነቱ የሚመጣው ባዮኬሚስትሪ፣ ፋርማኮሎጂ (መድኃኒት አካል ውስጥ የሚሠራውን የሚያጠና ትምህርት) እና የመድኃኒት ንድፍ ሲጨመሩ ነው። ስለዚህ የምትፈልጊው የዲግሪውን ስም ሳይሆን ድብልቁን ነው፤ ጠንካራ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ከሕያው አካል ዕውቀት ጋር። ይህን ድብልቅ ደሴ ተቀምጠሽ መገንባት ትችያለሽ።

ሙያው ምን እንደሆነ በአንድ መድኃኒት እናሳይሽ። አስፕሪን በላብ ሲሠራ ሳሊሲሊክ አሲድ ላይ ያለው የኦ-ኤች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ኦክስጅን የአሴቲክ አንሃይድራይድን ካርቦኒል ካርቦን፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘውን ካርቦን፣ ያጠቃና አሴቲል የተባለችውን ቁራጭ ይወስዳል። ያ አስፕሪን ሲዋጥ ሰውነት ውስጥ ሳይክሎኦክሲጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያገኛል። ኢንዛይሙ ውስጥ 530ኛ ላይ የተቀመጠ ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ እሱም ኦ-ኤች አለው። የሴሪኑ ኦክስጅን ደግሞ በተራው የአስፕሪኑን ካርቦኒል ካርቦን ያጠቃና ያችኑ አሴቲል ይወስዳል። ኢንዛይሙ በዚያው ተዘግቶ ይቀራል። በፍላስክ ውስጥ ያየሽው ሪአክሽን በደም ውስጥ ተደገመ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ለሥራቸው ይህን ኢንዛይም ይጠቀማሉ፤ ኒውክለስ ስለሌላቸው ግን በተዘጋው ፋንታ አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችሉም፤ ዕድሜያቸው ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። የልብ ሕመምተኛ በቀን አንዲት የ81 ሚሊግራም ፍሬ የሚበቃው ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ከደም ውስጥ በሰዓታት ቢጠፋም ሥራው ግን ይቆያል። የኤሌክትሮንን ጉዞ በቀስት መሣል የገባው ተማሪ ይህን ሁሉ ከአንድ ሥዕል ያነበዋል። የሜዲሲናል ኬሚስት የዕለት ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከዚህ ሞለኪውል ላይ ይችን ቁራጭ ባነሣት ወይም በሌላ ብለውጣት አካሉ ውስጥ ምን ይቀየራል?

አሁን ወደ ምርጫው። የእኛ ፍርድ አንደኛ ፋርማሲ፣ ሁለተኛ ኬሚስትሪ ብለሽ ሙይ የሚል ነው። ሽምደዳ እንደማትወጂ አንብበናል፤ ፋርማሲ ደግሞ የመድኃኒት ስም፣ መጠንና የጎንዮሽ ጉዳት በብዛት የሚያስይዝ፣ ከኬሚስትሪም የሚረዝም የአምስት ዓመት ትምህርት ነው። ያም ሆኖ ፋርማሲን ያስቀደምነው ሜዲሲናል ኬሚስትሪ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ፋርማኮግኖሲ (ከዕፅዋት የሚገኙ መድኃኒቶች ጥናት) እና የመድኃኒት ጥራት ትንተና እዚያው በመደበኛነት ስለሚሰጡና በመጨረሻ የሙያ ፈቃድ ስለሚያስገኝ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ እስክትጀምሪ ድረስ ቤተሰብ የምትረጂበት ሥራ ያስፈልግሻል፤ ይህን አቅልለሽ አትዪው።

የፋርማሲ ጉድለት ግልጽ ነው። የኦርጋኒክ ላብ ሰዓቱ ያንሳል፣ የሞለኪውል ቅርጽ የሚለይባቸው እነ ኤንኤምአር እና አይአር በጥድፊያ ይታለፋሉ፣ ተማሪው ሦስተኛ ዓመት ላይ ስሙን እንጂ ሪአክሽኑን የማያስታውስ ይሆናል። ማካካሻው በእጅሽ ነው። የኬሚስትሪ ክፍሉ እዚያው ደሴ ግቢ ስለሆነ የስፔክትሮስኮፒውን፣ ማለትም የእነ ኤንኤምአርን መምህር አስፈቅደሽ ያለ ውጤት ተቀምጠሽ ተማሪ። የመመረቂያ ጥናትሽን ደግሞ የመድኃኒት ቤት መጠይቅ መበተን አታድርጊው፤ ከዕፅዋት ማውጣት ወይም የክኒን ጥራት መለካት ይሁን። መጠይቅ ስለሚቀል ብዙ ተማሪ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክት የላብ ልምዱን ሲጠየቅ የሚያሳየው ያጣል።

ምደባው ኬሚስትሪ ላይ ቢጥልሽ ደግሞ አታልቅሺ። ኦርጋኒክን በጥልቀት የምታገኚው እዚያ ነው። የሚጎድልሽ የአካል ዕውቀት ስለሆነ ባዮኬሚስትሪን እንደ ዋና ኮርስሽ ያዥው፤ ፋርማኮሎጂንም ከፋርማሲ ልጆች ሃንዳውት ተውሰሽ አንብቢ። ቢያንስ የነርቭ ሥርዓት፣ የልብና የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን ምዕራፍ ሳትጨርሺ አትመረቂ። የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ መስፈርት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የኬሚስትሪ ምሩቅ ይቀበሉ እንደሆነ በሦስተኛ ዓመትሽ ጠይቂ፤ ተመርቀሽ ስትጨርሺ መጠየቅ ዘግይቶ ነው። በሁለቱም መንገድ ብትሄጂ የመውጫ ፈተናው ይጠብቅሻል።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ስለሚያስፈራሩሽ ሲኒየሮች ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ተማሪ የሚወድቅበት ምክንያት አንድ ዓይነት ስለሆነ። ሪአክሽኖቹን እንደ ግስ እርባታ በቃል ይይዛቸዋል፤ ሚድ ላይ 30 ሪአክሽን ይይዝና ያልፋል፣ ፋይናል ላይ 120 ሲሆኑ እርስ በርስ ይደባለቁበታል። ሽምደዳ አለመውደድሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ኤሌክትሮን ከሞላበት ወደ ጎደለበት ይሄዳል፤ ይህን ጉዞ የሚያሳየው ቀስት የሚነሣው ቦንድ ካልሠራ የኤሌክትሮን ጥንድ ወይም ከቦንድ ነው፣ የሚያርፈውም ኤሌክትሮን ባነሰው አቶም ላይ ነው። መምህራን በቀይ የሚያሠምሩባቸው ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንዱ ቀስቱን ከፖዘቲቭ ምልክት ማስነሣት ነው፤ ለምሳሌ ከኤች ፕላስ፣ ኤሌክትሮን ከሌለው ነገር። ሌላው ካርቦንን አምስት ቦንድ ማሸከም ነው፤ አዲስ ቦንድ ስትሠሪ የቱ እንደሚሰበር ካላሳየሽ እዚያ ትደርሻለሽ።

አጠናኑ እንዲህ ይሁን። በየቀኑ 40 ደቂቃ፣ ባዶ ወረቀት፣ አምስት ሜካኒዝም (የሪአክሽን የቀስት ሥዕል)። መጀመሪያ ደብተርሽን ዘግተሽ ሣይ፣ ከዚያ ክፈቺና አስተያዪ፤ የተሳሳትሽውን ብቻ በነጋታው ድገሚ። ደብተር እያዩ መገልበጥ የገባሽ ያስመስላል እንጂ አያስይዝም። ቅዳሜ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ውጪው። የጀመርሽውን ለሁለት ሳምንት ብታቋርጪ ከዜሮ ነው የምትነሺው፤ ኦርጋኒክ ኮርስ የሚደራረብ ነው፣ ስለዚህ ለፈተና ሳምንት አይተውም።

በቃል መያዝ ያለብሽ ጥቂት ቁጥር ነው፤ የፒኬኤ ሰንጠረዥ። ፒኬኤ አንድ ሞለኪውል ፕሮቶኑን (ኤች ፕላሱን) ምን ያህል በቀላሉ እንደሚለቅ ይነግርሻል፤ ሲያንስ ይቀላል። ካርቦክሲሊክ አሲድ ከ4 እስከ 5፣ ፌኖል 10፣ አልኮል 16፣ ፕሮቶን የያዘ ተራ አሚን ከ9 እስከ 11፣ ፕሮቶን የያዘ አኒሊን 4.6። አስፕሪን 3.5 ነው። የጨጓራሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 1.5 ቢሆን፣ ከፒኬኤው ጋር ያለው ልዩነት 2 ስለሆነና እያንዳንዱ 1 አሥር እጥፍ ስለሆነ ቻርጅ የሌለው አስፕሪን ቻርጅ ካለው 100 እጥፍ ይበልጣል፤ ደም ውስጥ በ7.4 ልዩነቱ 3.9 ስለሚሆን ቻርጅ ያለው ወደ 8,000 እጥፍ ይበልጣል። ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል የሴልን ቅባታማ ግድግዳ በቀላሉ ያልፋል። እዚህ ላይ ተማሪ የሚሳሳተው «እንግዲያው አስፕሪን በብዛት የሚመጠጠው ከጨጓራ ነው» ብሎ ሲደመድም ነው። አይደለም፤ የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ ስፋት ከጨጓራ እጅግ ስለሚበልጥ አብዛኛው የሚመጠጠው እዚያ ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ መደምደሚያው የሚሳሳትበት ቦታ ብዙ ነው፤ ለዚህም ነው ባዮሎጂውን አትተዪ የምንልሽ።

ስለ ላብ ደግሞ አስፕሪንን አንድ ቀን መሥራትሽ ስለማይቀር ከወዲሁ እንንገርሽ። 2 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ ደረቅ ፍላስክ ውስጥ፣ 5 ሚሊሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድ በጭስ ማውጫው (ትነት ስቦ በሚያስወጣው የላብ ሳጥን) ሥር፣ ከዚያ 5 ጠብታ የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሆነ የውሃ ገንዳ 15 ደቂቃ ትይዥዋለሽ፣ ቀዝቀዝ ሲል ውሃ በጠብታ፣ ኋላም በረዶ ጨምረሽ ክሪስታሉን ታጣሪያለሽ። በስሌት የሚገኘው 2.6 ግራም ነው። 2.9 ግራም አገኘሁ ብለሽ ደስ ካለሽ ክሪስታሉ አልደረቀም፤ በነጋታው ድገሚና መዝኚ። 1 ግራም ብቻ ከመጣ ፍላስኩ እርጥብ ነበር ማለት ይቻላል፤ ውሃው አንሃይድራይዱን ቀድሞ ወደ ኮምጣጤ አሲድ ለውጦታል። ከፈሪክ ክሎራይድ ጋር ወይን ጠጅ ቀለም ካሳየ ያልተለወጠ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀርቶበታል፤ ያን ጊዜ በጥቂት ሙቅ አልኮል አሟሙተሽ፣ ውሃ ጨምረሽ፣ ቀስ ብለሽ አቀዝቅዢው። እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ማፍላት አስፕሪኑን መልሶ ይሰብረዋል። ንጹሑ 135 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል።

የደሴ ልጆች ላብ ላይ የሚጠየቁት፣ የመጽሐፍ ቁጥር የማይመልሰው አንድ ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ወርደሽ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 94 ይሆናል። አልኮል 78 ሳይሆን ደሴ ላይ ወደ 71 ነው። ዲስቲሌሽን ስትሠሪ ቴርሞሜትሩ ከመጽሐፉ ካልገጠመ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብለሽ አትጻፊ፤ ከፍታውን ጻፊ። የመቅለጫ ነጥብ ግን በከፍታ የሚታይ ለውጥ ስለሌለው እዚያ ላይ ልዩነት ካየሽ ጥፋቱ የናሙናው ነው። ከሁሉም የሚያሰጋው ኤተር የተባለው ፈጥኖ የሚተን የላብ ፈሳሽ ነው። በባሕር ጠለል 35 ዲግሪ የሚፈላው ኤተር ደሴ ላይ በ26፣ ኮምቦልቻ ላይ በ28 አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ ሞቃት ከሰዓት ላይ የተዘጋ ጠርሙስ በራሱ ሊነፋ ይችላል ማለት ነው፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ጠረጴዛው ላይ እየተሳበ ሄዶ ርቆ ካለ እሳት ይቀጣጠላል። ዲስቲሌሽን ላይ ማሞቂያ ከመለኮስሽ በፊት የማቀዝቀዣው ውሃ መውረዱን እዪ፤ መሐል ላይ ውሃ ቢቋረጥ መጀመሪያ ማሞቂያውን አንሺ፣ ከዚያ ሌላውን።

ይኸው ኤተር ለወባ መድኃኒት ታሪክ ሠርቷል። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ አርቴሚሲያ አኑዋ ከሚባለው ተክል መድኃኒቱን ስትፈልግ በሙቀት የወጣው አልሠራም፤ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ስታወጣው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። ሞለኪውሉ ውስጥ ሁለት ኦክስጅኖች የተያያዙበት የፐርኦክሳይድ ድልድይ አለ፤ የወባ ተሕዋሲው ሄሞግሎቢን ሲፈጭ የሚወጣው ብረት ያንን ድልድይ ይሰብራል፣ ከስብራቱ የሚወጡት ቁራጮችም ተሕዋሲውን ይገድሉታል። ድልድዩን ያጣ አርቴሚሲኒን አይፈውስም። ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የዚሁ ልጅ ነው፤ አንዱ ክኒን 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን ይዟል። ሉሜፋንትሪን ቅባት ወዳድ ስለሆነ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ አይመጠጥም።

እንዶዱስ? ቤት ውስጥ አትሥሪው። አልኮል በከሰል ምድጃ አጠገብ ማትነን ቤት ያቃጥላል፤ የሚወጣው ሳፖኒንም (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር) ዓይንና አፍንጫ ይለበልባል፣ ቢዋጥ ደግሞ ያሳምማል። ጥያቄሽ ግን ካሰብሽው በላይ ጥሩ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን ለመግደል የተጀመረው ምርምር ከዚያ ተነሣ። እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል። አሁን ኬሚስትሪውን እዪ። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት በኩል ስኳር ተሸክሞ ነው የሚቀመጠው፤ በዚያ መልኩ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው በውሃ ሲደቆስ የራሱ ኢንዛይም አንደኛውን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ነው ኃይለኛ የሚሆነው። በአልኮል ብትዘፈዝፊው አልኮሉ ኢንዛይሙን ስለሚያከሽፈው የሚወጣልሽ ደካማው ነው። ወንዝ ዳር በውሃ የሚደቁሱት እናቶች ትክክለኛውን ዘዴ ይዘው ነበር። ይህን በመመረቂያ ጥናትሽ አማካሪ ይዘሽ፣ በጭስ ማውጫ ሥር፣ ውሃና አልኮልን ጎን ለጎን አድርገሽ ልታነጻጽሪው ትችያለሽ። እስከዚያ ለዕረፍትሽ ስልክሽ ይበቃል፤ ፐብኬም የተባለው የሞለኪውሎች መረጃ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ አስፕሪን፣ አርቴሜተርና አሞክሲሲሊንን ፈልጊ፣ በእጅሽ ሣያቸው፣ የሚዋጥ መድኃኒት በደንብ ይመጠጥ እንደሆነ የሚገመትባቸውን የሊፒንስኪን አራት መለኪያዎች ቁጠሪ፤ ክብደት ከ500 አይበልጥ፣ ሎግ ፒ (የቅባት ወዳድነት ልክ) ከ5 አይበልጥ፣ የሃይድሮጅን ቦንድ ሰጪ ከ5 አይበልጥ፣ ተቀባይ ከ10 አይበልጥ። ሉሜፋንትሪንንም ጨምሪበት፤ የክብደትና የሎግ ፒ መለኪያውን ጥሶ መድኃኒት መሆኑን ታያለሽ፣ ወተቱም ለምን እንደተፈለገ ይገባሻል።

ለአጎትሽ እንዲህ በይው። የኬሚስትሪ ምሩቅ ኮምቦልቻ ውስጥ እንኳ የቢራ፣ የጨርቃጨርቅና የቆዳ ፋብሪካ ላብ አለለት፤ አስተማሪነትም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ለእናትሽ ደግሞ መድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያ ፈቃድ እንደማይከፈትና ዲግሪው ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚመጣ በደግነት አስረጂያቸው። ለራስሽ ይህን እወቂ፦ በሰሜን ሸዋ እንደ ሂዩማንዌል፣ በገላን እንደ ካዲላ ያሉ የአገራችን መድኃኒት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስመጥተው ክኒንና ሽሮፕ ያዘጋጃሉ፤ አዲስ ሞለኪውል አይፈጥሩም። እዚያ የሚጠብቅሽ ሥራ የጥራት ቁጥጥር ነው፤ ኤችፒኤልሲ (የድብልቅን ክፍሎች ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ላይ መቆም፣ ክኒኑ በስንት ደቂቃ እንደሚሟሟ መለካት፣ እያንዳንዱን ቁጥር ሳይሰርዙ መመዝገብ። አዲስ ሞለኪውል የሚፈለገው በዩኒቨርሲቲዎችና እንደ አርማወር ሃንሰን ባሉ የምርምር ተቋማት ነው፤ መንገዱም በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ያልፋል።

እስከ ምርጫው ባሉት ሁለት ወራት ሁለቱም ክፍሎች በር ድረስ ሂጂ። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልገሽ «ባለፈው ሴሚስተር በእጃችሁ የሠራችሁት ላብ ስንት ነው? በዴሞንስትሬሽን ያለፋችሁትስ?» ብለሽ ጠይቂ። መምህሩን ደግሞ የመመረቂያ ጥናት ላብ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች ባለፈው ዓመት ስንት እንደነበሩ ጠይቂ። ኬሚስትሪው የተሻለ የእጅ ሥራ እንደሚሰጥ ከነገሩሽና ቤተሰብሽ አንድ ሁለት ዓመት መታገሥ ከቻለ፣ የሰጠንሽን ተራ ገልብጠሽ ኬሚስትሪን አንደኛ ብታደርጊ አንቃወምሽም።